የጠገራው ማኅተም

ለልጄ ሰርግ የአንገት ጠገራ ብር የገዛሁት እንደ ሞኝ ከመንገድ አይደለም። ከመርሳ ወልድያ ድረስ ሄጄ፣ አገር ከሚያምናቸው ሽማግሌ አንጥረኛ ነው። ድንጋይ ላይ አንኳኩተው ድምፁን አዳመጡና “ንጹሕ ብር ነው” አሉኝ። በላስቲክ አሽገው ማኅተማቸውንም መቱበት።

ምን ዋጋ አለው! ሙሽሪት አማቶቿ ፊት ተቀምጣ ላቧ ሲነካው አንገቷ አረንጓዴ ሆነ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ተመለስኩ። ጠገራውን ብቻ አቀበልኳቸው። አንኳኩተው ሲያበቁ፣ “ልጄ፣ ይሄ መዳብ ነው፤ የትኛው አላህን የማይፈራ ሸጠልህ?” አይሉኝ መሰላችሁ!

“አንቱው ነዎታ!” ብዬ የታሸገበትን ላስቲክ ዘረጋሁላቸው።

መነጽራቸውን ሰክተው፣ ላስቲኩን ወደ ብርሃን አንስተው ሲያገላብጡ ቆዩ።

“ወላሂ፣” አሉኝ፣ “ማኅተሙስ እውነተኛ ነው።”