ወለል ያልነበረው ቤት

ጉርድ ሾላ ባለ አንድ ቤት ሻጭ ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት ስልክ አንስቻለሁ። የሚደውሉት ቅድሚያ ከፍለው ቤታቸውን የሚጠባበቁ ሰዎች ነበሩ። "መቼ ነው የምታስረክቡን?" ይሉኛል፤ "በቅርቡ" እላለሁ። ግንባታው ቆሞ ሠራተኛ ሲቀነስ እኔም ከተቀነሱት ጋር ወጣሁ። በዚያው ቀን የሳይት መሐንዲስ የነበረች ጓደኛዬም ተሰናበተች። ቀኑን ሙሉ ከግንበኛ ጋር ስትከራከር የምትውል፣ እሑድ ግን ከቸርች የማትቀር፣ ቀጭን ቁጡ ሴት ናት።

ዕቃችንን በካርቶን ይዘን ደረጃውን ስንወርድ፣ "ሌላ ቦታ ሄጄ ስልክ አነሳለሁ ብለሽ እንዳታስቢ" አለችኝ።

"ለምን?"

"'በቅርቡ' ስትዪ ድምፅሽ ይንቀጠቀጣል። መዋሸት አትችዪበትም።"

ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁለታችንም ወዴት እንደምንሄድ አናውቅም ነበር።

በእጄ ያለው የስንብት ክፍያዬና አባቴ ሲሞት የጭነት መኪናው ተሽጦ የደረሰኝ ድርሻ ነበር። በዚያ ላይ ከባንክ ተበድሬ ትንሽ ቤት ልግዛና ላከራይ ብዬ አሰብኩ። ባንኩ መያዣ ጠየቀኝ። ለመያዣ የሚሆነው ደግሞ ቀበና ያለው የእናቴ ቤት ብቻ ነው። እናቴ "ወለድ" የሚለውን ቃል ስትሰማ የያዘችውን ሽንኩርት አስቀመጠች።

"አባትሽ ሐላል ሠርቶ ያቆመው ቤት ነው። ወለድ አይገባበትም።"

"ወለድ የሌለውም ብድር አለ እኮ እማ።"

"እሱስ ቤቴን አይዝም?"

ይይዛል። ነገሩ እዚያው ላይ አበቃ። ሁለት ወር ያህል የሥራ ማመልከቻ እየጻፍኩ ከረምኩ።

አንድ ቅዳሜ ከቤታችን በላይ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ተከራይተው የሚኖሩ ጎረቤታችን እናቴን ሊያማክሩ መጡ። እንጦጦ ፓርክ ውስጥ አትክልተኛ ናቸው። ባላቸው ከሞተ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል፤ ልጅ የላቸውም። ከዓመታት ቁጠባ በኋላ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላቸው ሰፈሩ ሁሉ እልል ብሎ ነበር። ቤቱን ሲረከቡ ግን ግድግዳው አልተለሰነም፤ ወለሉ ሻካራ ኮንክሪት ነው፤ ሽንት ቤቱ ከአንድ ቱቦ በቀር ምንም የለውም። እሳቸው ለማሠሪያ የሚሆን አልነበራቸውም። ስለዚህ የቤቱን የወር ዕዳ ከደመወዛቸው እየቆረጡ ይከፍላሉ፤ ቤቱ ግን ባዶውን ተዘግቶ ተቀምጧል።

"አንድ ደላላ ቀብድ ይዞ መጣ" አሉ፤ ነጠላቸውን እያጠፉ። "ትንሽ ነው የሚሰጠኝ። ግን ከምንም ይሻላል አለኝ።"

ሳላስበው ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። "እማማ፣ አይሽጡ!"

"ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ? ኮንክሪት አልበላ።"

በማግሥቱ ጓደኛዬን ከቸርች ስትወጣ ይዤ ቤቱን ለማየት ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለም። ጓደኛዬ ግድግዳውን በጣቷ አንጓ መታ መታ አደረገች፣ መስኮቶቹን ከፈተች ዘጋች፣ ከዚያ ኮንክሪቱ ላይ ቁጢጥ ብላ ወረቀት አወጣች። "ይሄ ቤት ምንም አልጎደለውም" አለች፤ "የሚጨርሰው ሰው ብቻ ነው ያጣው።"

ሥራችን የተወለደው እዚያ ነው። እኛ በራሳችን ወጪ ቤቱን እንጨርሳለን፤ እናከራያለን፤ ለሦስት ዓመት ኪራዩን ከእማማ ጋር እኩል እንካፈላለን፤ ከዚያ በኋላ ቤቱም ኪራዩም የእሳቸው ብቻ ይሆናል። ተከራይ ከጠፋ ሁላችንም እንከስራለን። እናቴ የመስጊዳችንን ሸህ ሄዳ ጠየቀች። ትርፉንም ኪሳራውንም አብራችሁ ከተሸከማችሁ ሽርክና ነው፣ ችግር የለውም አሏት። ጓደኛዬ ደግሞ ውል ከመፈራረማችን በፊት ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። በሁለት በኩል ተጸልዮልን ጀመርን ማለት ነው።

ሲሚንቶውንና ሴራሚኩን በትከሻ ነው ያወጣነው። ለተሸካሚ የያዝነው ሲያልቅ እኔም በጆንያ አሸዋ ተሸክሜያለሁ፤ ጉልበቴ እስከ ዛሬ ደረጃ ሲያይ ይቆጣኛል። ውኃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ስለነበር የቧንቧ ድምፅ ስንሰማ ሁላችንም በርሜል ይዘን እንሮጣለን። ጓደኛዬ ሽንት ቤቱ ወለል ላይ ውኃ አቁራ ሁለት ቀን እንደማያሰርግ ሳታይ ሴራሚክ አይነጠፍም ብላ ሠራተኞቹን አስቆመች። እኔ ለቀኖቹ ሳሳሁ። እሷ አልተነቃነቀችም።

የኩሽናውን የቧንቧ ዕቃ የገዛሁት ግን እኔ ነኝ። እሷ የምትፈልገው መገጣጠሚያ ውድ ነበር፤ እኔ ርካሹን ይዤ መጣሁ። አገላብጣ አይታው፣ "ይሄን አልወደድኩትም" አለች።

"ተከራይ እየጠበቀን ነው። አንድ ሳምንት ደግሞ ልንቆም ነው?"

ዝም አለች። ዝምታዋን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት።

ባልና ሚስት ተከራዮች ገቡ። በአራተኛው ሳምንት ሴትየዋ እያለቀሰች ደወለችልኝ፤ መገጣጠሚያው ፈንድቶ ውኃው ወለሉን ሞልቶ ወደ ታች ቤት ወርዷል። ደርሼ የታችኛውን በር ሳንኳኳ የከፈቱልኝ ቤታቸው ውስጥ የሚሰፉ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናው ላይ ከኮርኒሱ ውኃ ይንጠባጠባል። የደንበኞች ጨርቅ፣ ገና ያልተሰፋ ሱፍ፣ የሙሽራ ሚዜዎች ሰደርያ ሁሉ ርሶ አልጋ ላይ ተከምሯል።

"ማነሽ አንቺ?"

"የላይኛውን ቤት ያሠራሁት ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ርካሽ ዕቃ ገዝቼ ነው።"

ሊሰድቡኝ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ማመካኛ የጠበቁ ይመስለኛል። "ሰርጉ የፊታችን እሑድ ነው" አሉ ብቻ።

ጨርቁን በሙሉ ተሸክሜ ቀበና ወሰድኩት። እናቴና እኔ አጥበን፣ አድርቀን፣ ተኩሰን በሦስተኛው ቀን መለስን። ቀለሙ የለቀቀውን አንዱን ሱፍ ገዝቼ ተካሁ። ኮርኒሳቸውን አስጠግኜ አስቀባሁ። የላይኛውንም ቧንቧ አስነቅዬ ጓደኛዬ ያለችውን ዕቃ አስገጠምኩ። የሦስት ወር የኪራይ ድርሻችን በዚሁ አለቀ። ሰርጉ ግን አልተጓጎለም። ሽማግሌው ከዚያ በኋላም ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ፈገግ ብለውልኝ አያውቁም።

ጓደኛዬ ጥገናው እስኪያልቅ ከሠራተኞቹ አጠገብ አልተለየችም። ሲያልቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ" አለች። "ልተውሽ አስቤ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ከዛሬ ጀምሮ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ነገር እኔ ሳልፈቅድ አይገዛም። ይሄ በጽሑፍ ይሁን።"

ጻፍነው፤ ሁለታችንም ፈረምን። አንድ ሥራ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በመዋደድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን የምትወጂው ሰው ሊከለክልሽ ሲችል እንደሆነ ገባኝ። ከወር በኋላ አንዲት ሴት ደወሉ፤ የልብስ ሰፊው እህት ናቸው። "ወንድሜ ነው የላከኝ፤ ሲያጠፉ ያምናሉ ብሎኛል" አሉ። ሁለተኛው ቤታችን የእሳቸው ሆነ። ሦስተኛውና አራተኛው ከዚያ መጡ።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ አትክልተኛዋ ጎረቤታችን እንደገና ቤታችን መጡ። የሚኖሩባት የኪራይ ክፍል ልትፈርስ ነው፤ አከራያቸው በሦስት ወር ውስጥ እንዲለቁ ነግሯቸዋል።

"ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ልግባ ይሆን ብዬ ነው" አሉ፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። "ውሉ አንድ ዓመት እንደሚቀረው አልረሳሁም።"

ጓደኛዬ ማስላት ጀመረች፤ አልፈርድባትም። ለአምስተኛው ቤት ሲሚንቶ ያዘዝነው በዚያ ኪራይ ተማምነን ነው። "አንድ ጊዜ ውል ከለቀቅን ሁሉም እየመጣ ልቀቁልኝ ይለናል" አለችኝ ወደ በረንዳው ስንወጣ።

"የገዛ ቤታቸው እያለ የት ይውደቁ?"

"እኔ ይውደቁ አላልኩም። ሥራው እንዳይወድቅ ነው።"

ሁለታችንም እውነት ነበረን። ውስጥ ስንመለስ እናቴ ነገሩን ሰምታ ኖሮ፣ "ያወጣችሁትን ወጪ ይመልሱ፤ ትርፉ ይቅር። የመክፈያ ጊዜውንም አርዝሙላቸው" አለች። ጓደኛዬ ወረቀቷ ላይ ያሰላችውን ሰርዛ ተስማማች። አምስተኛውን ቤት በስድስት ወር አዘገየነው። ለተከራዮቹ ደግሞ ከላይኛው ብሎክ ሌላ ቤት ፈልገን እኛው አጓጓዝናቸው።

እማማ ግን ትርፉ ይቅር የሚለውን አልተቀበሉም። "ሐቃችሁን አልበላም" ብለው ድርቅ አሉ። በመጨረሻ ጓደኛዬ፣ "እንግዲያው ሥራችንን ማየት ለሚፈልግ ሰው በትርፉ ፈንታ የእርስዎን ቤት ያሳዩልን" አለቻቸው። በዚህ ተስማሙ።

የገቡት በአንድ ማክሰኞ ነው። አልጋ፣ ሁለት ማዳበሪያ ልብስና ከፓርኩ ያመጡት የአበባ ችግኝ በቆርቆሮ ይዘዋል። በሩ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ።

"ይግቡ እንጂ እማማ፣ የራስዎ ቤት ነው" አልኳቸው።

"እስቲ ቆይ" አሉ። በካልሲያቸው ሴራሚኩ ላይ ቀስ ብለው ተራመዱ፤ እስከ መስኮቱ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ደግሞ ሄዱ። ከዚያ ወለሉ መሐል ተቀመጡና በመዳፋቸው ዳበሱት። ጓደኛዬ ፊቷን ወደ ኩሽናው አዞረች፤ ቧንቧውን የምታይ መስላ።

"ልክ ነው" አሉ እማማ። "ቀዝቃዛ ነው። ደስ ይላል።"

በሚቀጥለው ሳምንት ቤት ሊያዩ የመጡ ሁለት ሰዎችን ተቀብለው፣ ሽንት ቤቱን ሳይቀር ከፍተው አሳይተዋቸው ነበር። ሁለቱም ከእኛ ጋር ተዋዋሉ። አሁን በየውላችን ውስጥ ባለቤቱ መግባት ሲፈልግ ወጪያችንን ብቻ መልሶ ይገባል የሚል አንቀጽ አለ። ጓደኛዬ ናት ያረቀቀችው፤ ያኔ በረንዳው ላይ 'ሁሉም ልቀቁልኝ ይለናል' ያለችው እሷው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ።