የጋሽ ሰይድ የሥራ ልምድ

ቆቦ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ለጭፈራ ክበቡ የአሠልጣኞችን የሥራ ልምድ ስሞላ፣ ከጎረቤት አውድማ የማሽላ ብናኝ በመስኮት ገባና ልጅነቴን አስታወሰኝ።

ጭፈራ ያስተማሩን ጋሽ ሰይድ ነበሩ። አንድ ቀን አባቴ ከክበቡ ሊያስወጣኝ መጣ።

«ሰይዶ፣ አንተ የት ተምረህ ነው ልጄን የምታስተምራት?»

«አውድማ ላይ ነዋ። ፊት ለፊት ቆመን ማሽላ ስንወቃ፣ ከምቱ የወጣን ሰው የባልንጀራው ዱላ ያገኘዋል። ወላሂ፣ አንድም ቀን አልተመታሁም። በኋላ ኪነት ቡድን ስገባ የጨመሩልኝ ዩኒፎርም ብቻ ነው።»

አባቴ እኔን ማስወጣቱን ትቶ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን ቆየ።

ዘንድሮ ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ለአሠልጣኝነት አመልክተዋል፤ ቅጹ ግን ዲፕሎማ ይጠይቃል። በሥራ ልምድ ሥር «የማሽላ ውቂያ» ብዬ አጥርቼ ጻፍኩ። ርእሰ መምህሩ ቢመልሱት፣ እንደገና እጽፈዋለሁ።