መስመሩ የተቆረጠበት ሳምንት

ወይዘሮ አፊፋን የጅሬን ሰፈር ሰው የሚያውቃቸው በልብስ ስፌታቸው ነው። ወንድማቸው ሳዲቅ ከልጅነቱ ጀምሮ አይሰማም፣ አይናገርም። አሰንዳቦ ባደጉበት ዘመን ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ ወንድምና እህት ለራሳቸው የሚሆን የእጅ ቋንቋ ፈጠሩ። ያንን ቋንቋ አቀላጥፎ የሚያውቅ ሰው ዛሬም ከሁለቱ በቀር የለም።

አምና ሳዲቅ ታመመና አዲስ አበባ ልጁ ማሂራ ዘንድ ሄደ። ማሂራ በእናቷ ዘመዶች ቤት ስላደገች፣ ከምልክቶቹ የምታውቀው «ብላ»ን፣ «ጠጣ»ን፣ «ተኛ»ን ብቻ ነው። ሐኪሙም ቢቸግረው ወይዘሮ አፊፋ በቪዲዮ እንዲያስተረጉሙለት ለሐሙስ ረፋድ አራት ሰዓት ቀጠሮ ያዘ።

የቤታቸው ኢንተርኔት ግን የሚታመን አልነበረም። ምስሉ እየቆመ እጅ አየር ላይ ደርቆ ይቀራል፤ በእጅ ለሚነጋገር ሰው ደግሞ የደረቀ እጅ የተዋጠ ቃል ነው። አዲሱ የኢንተርኔት ድርጅት ይሻላል ሲሏቸው ተመዘገቡ፤ ሰኞ መጥተን እንገጥማለን ተባሉ። ታዲያ ወይዘሮ አፊፋ የድሮ ሰው ናቸው። ስምንት ዓመት ያገለገለን ሳይሰናበቱ ሌላ ቤት ማስገባት ነውር መሰላቸው። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቀድሞው ድርጅት ቢሮ ሄደው አመሰገኑ፣ መረቁ፣ ፈረሙ፤ ሞደሙንም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው አስረከቡ። ቤታቸው ሳይደርሱ መስመሩ ተቆረጠ።

ሰኞ ማንም አልመጣም። ማክሰኞ ሁለት ሠራተኞች መጥተው ምሰሶው ላይ ያለው የመስመር ማከፋፈያ ሳጥን ሞልቷል፣ ሌላ እስኪተከል ሳምንት ይፈጃል አሏቸው። ወደ ቀድሞው ቢሮ ቢመለሱ፣ እንደ አዲስ ወረፋ ይያዙ ተባሉ። በእጅ ስልካቸው ሲሞክሩት የማሂራ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ ምስሉ ግን ተሰባብሮ ቀረ። ድምፅ ለሳዲቅ ምን ያደርግለታል? ያ ረቢ፣ በገዛ እጄ አፉን ዘጋሁት አሉ። ረቡዕ የደንበኛ ቀሚስ እጅጌ ገልብጠው ሰፉ፣ ፈቱት፣ ደግመው ገልብጠው ሰፉት።

ያን ዕለት ክር ሊገዙ ወደ በቾ ቦሬ ሰፈር ሲወርዱ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጎሳዬ ፊታቸውን አይቶ ምን ሆኑ አላቸው። የቤታቸውን ጉዳይ አደባባይ ማውጣት የማይወዱት ሴት ሁሉንም ነገሩት።

«እትዬ አፊፋ፣ የኔ መስመር ምን ሊሠራ ተቀምጧል? ማሎ፣ እባክዎን፣ ነገ እዚህ ይምጡ» አለ ጎሳዬ። «አፍጥጦ የሚያይዎት ደንበኛ ካለ ወረቀቱን ገልብጬ ነው የማትምለት።»

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ሳዲቅ ሐኪሙ አጠገብ ሆኖ፣ በማሂራ ስልክ በኩል በጎሳዬ ኮምፒውተር ላይ ብቅ አለ፤ አንገቱ ቀጥኗል። ሕመሙ ሆዱ ላይ ነው ሲባል የከረመው ሰውዬ፣ እህቱ ሲጠይቁት ከቀኝ ጎድኑ ሥር ጠቆመ፤ ቅባት የበላ ቀን እንደሚብስበትም ነገራቸው። ሐኪሙ ከምርመራው ወረቀት ጋር አስተያየና የሐሞት ጠጠር ነው፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል አለ።

«ገብቶት ካልፈቀደ ግን አልነካውም። በደንብ ያስረዱት።»

የወይዘሮ አፊፋ እጅ ቆመ። በእህትና ወንድሙ ቋንቋ ሥጋ መቁረጥ የሚባለው በአንድ ምልክት ብቻ ነው፤ አውራ ጣትን በጉሮሮ ላይ መሳብ። እርሱም ዕርድ ነው። ይህን ለታመመ ሰው እንዴት ያሳዩታል?

«አክስቴ፣ ለዚህ ምልክት የላችሁም?» አለች ማሂራ።

በዚያች ቅጽበት አባታቸው ያረጀ ቡና ሲጎነድሉ ትዝ አላቸው። በመጋዝ ከግንዱ ዝቅ አድርገው ይቆርጡታል፤ ከጉቶው ለጋ ቀንበጥ ይወጣል። ወይዘሮ አፊፋ የግራ ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው አቆሙ፣ በቀኝ እጃቸው አግድም ገዘገዙት፣ ከዚያም ጣቶቻቸውን ቀስ አድርገው ከሥሩ አበቀሉ። በመጨረሻም ጎድናቸውን፣ ቀጥሎም ሐኪሙን ጠቆሙ።

ሳዲቅ ቅንድቡን ሰቅሎ ሦስት ጣት አወጣ።

«ምን አለ?» አለ ሐኪሙ።

«ፍሬ እስክሰጥ ሦስት ዓመት ልቆይ ነው ወይ ይላል። የተጎነደለ ቡና እንደዚያ ነው።»

ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ አንድ ወር ይበቃዋል አለ። ወይዘሮ አፊፋ በሁለት እጃቸው ጨረቃ ሠሩ፤ አንዲት ጨረቃ ብቻ። ሳዲቅ ራሱን ነቀነቀና ለመፈረም እጁን ወደ ሐኪሙ እስክሪብቶ ዘረጋ። ወይዘሮ አፊፋ ግን ማሂራ ስልኩን እስክትዘጋው ድረስ ያችን ጨረቃ ከአየር ላይ አላወረዷትም።