በሸክላው ላይ ያለው ሳል

አጎቴ በወጣትነታቸው ቼኮዝሎቫኪያ ተምረው ሲመለሱ አንድ ሸክላ ይዘው መጡ። የተማሩባት ትንሽ ከተማ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሲጫወት የተቀዳ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ቤታቸው ስንሰበሰብ ያሰሙን ነበር። ቫዮሊኖቹ ዝግ ሲሉ እጃቸውን ያነሳሉ፤ ወዲያው ከተመልካቹ መካከል አንድ ሰው ሲያስል ይሰማል።

«እሱ እኔ ነኝ!» ይላሉ። «ብርዱን ገና አልለመድኩትም ነበር።»

ሸክላው እያረጀ ሲሄድ እዚያው ሐዋሳ ፒያሳ ካለ ሙዚቃ ቤት ወስጄ በሲዲ አስገለበጥኩላቸው። ባለሙያው «እህቴ፣ የሚረብሸውን ድምፅ ሁሉ አጽድቼልሻለሁ» አለኝ፤ እኔም አመስግኜው ሄድኩ።

አጎቴ እስከ መጨረሻው አዳምጠው ማጫወቻውን አጠፉ።

«አጎቴ፣ አልወደዱትም?»

«ጥሩ ነው ልጄ። ግን እኔን ከአዳራሹ አስወጥተውኛል።»

ሳሉ ጠፍቷል። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩና «ምንም ሳትነካ እንዳለ ቅዳልኝ» አልኩት። ያን ሲዲ ሲሰሙ ደስታቸው ልዩ ነበር።

ዛሬ ከማጫወቻው አጠገብ ያለው ወንበራቸው ባዶ ነው። ፎቶግራፎቻቸውን ቤተሰቡ ተካፍሏል። ድምፃቸውን ግን ከእነዚያ የሩቅ አገር ሙዚቀኞች በቀር ቀድቶ ያቆየልን የለም።