ሩታ ያቋረጠችው የለቅሶ ስርጭት

ሩታ ኮምፒዩተር ተምራ ንፋስ መውጫ ስትመለስ ሥራ የሰጣት ከፍያለው ነው። ከፍያለው በከተማው የታወቀ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነበር። ሰዉ ዲስኩን ትቶ የቀጥታ ስርጭት መጠየቅ ሲጀምር፣ ካሜራውን ከኢንተርኔት ጋር የምታገናኝለት ሰው አስፈለገችው።

ሩታ በዚያ ሥራ አንድ ነገር በጣም ትወድ ነበር። በስርጭቱ ሶፍትዌር ውስጥ የራሷን ምልክት ሠርታ፣ አንድ ቁልፍ ስትጫን ስርጭቱን ለሚከታተሉት ስልኮች ሁሉ በአንዴ ትልከዋለች። የሙያው ሰዎች «ኢቨንት» ይሉታል። መጀመሪያ የሠራችው አበባ ነበር። ሙሽራዋ ከጓዳ ብቅ ስትል ሩታ ቁልፉን ትጫናለች፤ ቤሩት ባለው ስልክም ሪያድ ባለው ስልክም ላይ ጽጌረዳ ይረግፋል። የአንዲት ሙሽራ አክስት «አበባውን በእጄ የበተንኩት መሰለኝ» ብላ ድምፅ ልካላት፣ ደጋግማ ሰምታዋለች።

ኋላ ከፍያለው ለቅሶም ማስተላለፍ ጀመረ።

«ለለቅሶም አንድ ሥሪልኝ» አላት።

«ሻማ ይሁን?»

«ሻማ ጥሩ ነው። ስልኩም ይንቀጥቀጥ፣ ሰው ልብ እንዲለው።»

ሠራችለት። ሩቅ ያለው ዘመድ ሟቹን እንዲያስብበት ነው ብላ ነበር።

የመጀመሪያው ለቅሶ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብላ ባለችው በአርብ ገበያ ከተማ አጠገብ ነበር። ስማቸው የሚባለው የእማማ ላቀች ልጅ በመኪና አደጋ ሞቶ ሳልስቱ ነው። ስርጭቱን ያዘዘችው እህቱ አዜብ ናት፤ ሪያድ ያሉት አሠሪዎቿ ስላልለቀቋት መምጣት አልቻለችም። ሩታ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከዳሱ ጥግ ተቀመጠች። ከፍያለው ካሜራውን ይዞ ሰው መሀል ገባ።

እማማ ላቀች የልጃቸውን ኮት አቅፈው ወደ መሀል ሲወጡ ለቅሶው ጋለ። በሩታ ጆሮ ማዳመጫ የከፍያለው ድምፅ መጣ።

«አሁን! ልቀቂው!»

ተጫነች። አጠገቧ የከፈተችው የራሷ ስልክ እንደ ተመልካቹ ስልክ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሻማው ወጣ። ከሥሩ ግን እሷ ያልጻፈችው ጽሑፍ አለ፤ «እናት እያለቀሰች ነው! ስጦታ ይላኩ! ያጋሩ!» ጠዋት ከፍያለው ላፕቶፑን ለአፍታ ከእሷ ተውሶ ነበር። በስርጭት ላይ የሚላክ ስጦታ ገንዘብ ሆኖ የሚገባው ለእሱ ነው። ተመልካቾች የላኳቸው ቀያይ ልቦችና የሚስቁ ፊቶች በእማማ ላቀች እንባ ላይ ሽቅብ ይንሳፈፉ ጀመር።

ለቀስተኞቹ ሴትዮዋን ደግፈው አስቀምጠው ውሃ አጠጧቸው። ከፍያለው ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሯቸው ተጠጋ። ደረቱ ላይ ያለው ማይክ ክፍት ስለነበር ሩታ ሁሉንም ሰማች።

«እናቴ፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ሪያድ አልታየም። እባክዎ እንደ ቅድሙ አንዴ ይውጡልን።»

«አዜቤ አላየችኝም?» አሉ፤ ድምፃቸው ተዘግቷል። ተነሡ። ኮቱን ፈልገው አነሡና እንደ አዲስ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ።

ኔትወርኩ አንዴም አልተቋረጠም። ሩታ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም ነበር።

«ልቀቂው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

አፏ ሐሞት ሐሞት አላት። ምልክቱን ከፍታ የከፍያለውን ጽሑፍ አጠፋችና የራሷን ጻፈች፤ «እማማ ላቀች ደክመዋል። ስርጭቱ እዚህ ላይ ቆሟል። የሚያውቃቸው ይደውልላቸው።» ለሁሉም ላከችው፤ ከዚያ ስርጭቱን ዘጋች። ተነሥታ ሰዉን እየገፋች ሄዳ የሴትዮዋን እጆች ያዘች።

«እማማ፣ ይበቃዎታል። ኔትወርኩም አልተቋረጠም። አዜብ ቅድም አይታለች።»

እማማ ላቀች ሩታንም ከፍያለውንም ተራ በተራ አዩ። «ታዲያ ለምን አስነሣችሁኝ?» አሉ።

«አስነሣችሁኝ» ማለታቸው እሷንም መጨመሩ ነው።

የሟቹ አጎት ከፍያለውን ክንዱን ይዘው ከዳሱ አስወጡት። ደጅ ላይ ሩታን ጠብቆ ጮኸባት።

«አብደሻል? ሰው እኮ ለቅሶ ማየት ይወዳል!»

«እኔ ደግሞ አንቱን ሳይ ነው የሚያቅለሸልሸኝ፣ ጋሽ ከፍያለው።»

በሱ መኪና አልተመለሰችም። ሚኒባስ ውስጥ ሳለች አዜብ ደወለች።

«ስጦታ ላኩ የሚለውን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ?»

ሩታ መዋሸት ከበዳት። «ከእኛ ነው የወጣው» አለች።

«ታስጠላላችሁ» ብላ አዜብ ስልኩን ዘጋችው። ሩታ እስከ ንፋስ መውጫ ድረስ እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ ሄደች።

ከሳምንት በኋላ አዜብ መልሳ ደወለች። ነገሩን ከእናቷ ሰምታለች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ የሳልስቱን ቪዲዮ ብቻ ፈለገች። ሩታ ሁለተኛውን ለቅሶ፣ ሻማውንና ጽሑፉን ሁሉ ቆርጣ አወጣች። እናትየው ኮቱን አቅፈው መጀመሪያ የወጡበትን ብቻ ላከችላት።

ዛሬ ሩታ በአንድ አነስተኛ ማሠልጠኛ ኮምፒዩተር ታስተምራለች። ከፍያለው ሌላ ሰው ቀጥሮ ለቅሶ ማስተላለፉን ቀጥሏል፤ ተመልካቹም በዝቶለታል ይባላል። በቀደም አስፋልቱ ዳር አግኝቷት እየሳቀ እጁን ዘረጋላት። ሩታ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ አለፈችው።