እፍረት የሌለባት

በሆቴሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልብስ የተኮሰችውን ሴት ባልደረቦቿ እትዬ ካውያ ይሏታል። ልጇ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች «እናቴ ተኳሽ ናት» ብላ የክፍሏን ልጆች ጸጥ አሰኝታ ታውቃለች።

እንግሊዝኛን የጀመረችው ከልብስ ነው። ከሸሚዝ አንገት ሥር ካለችው ትንሽ ጨርቅ ላይ «ደሊኬት» የሚለውን አነበበች፤ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳይጨመቅ ማለት መሰላት። ዛሬ ነርስነት የምታጠናው ልጇ ቃሉ «ስስ» ማለት እንደሆነና ለሰውም እንደሚነገር ስትነግራት ገረማት። ከዚያ ወዲህ ቶሎ ሆድ የሚብሰውን አጣቢ «እሱን በቀዝቃዛ!» ትለዋለች።

የልብስ ማጠቢያና መተኮሻ ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ወጣ። ቦታውን የሚፈልግ ሠራተኛ ስለ ጠባዩ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፎ ይቅረብ ተባለ። እሷና አንድ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ተመዘገቡ።

«እኔ ልጻፍልሽ፣ እማዬ» አለች ልጇ።

«ወንበሩ ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ?»

ልጅቷ ሕጉን ብቻ አስጠናቻት። «ፉል» ከኋላ ከመጣ ነገሩ ሞልቷል፤ «ለስ» ከመጣ የለም፤ «አን» ከፊት ከመጣ ተገልብጧል። እትዬ ካውያ በምሳ ሰዓት፣ መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቷን ዘርግታ ቃል ትቀጥል ጀመር። ጥንቃቄ ሞልቷል ለማለት «ኬርፉል» ብላ ጻፈች። «ፊርለስ» ብላ ጻፈች። በመጨረሻ ከሁሉ የምትኮራበትን ፈለገች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ኮሌታ አላቃጠለችም፤ የማንም ልብስ በእጇ አልጠፋም። አንገት የሚያስደፋ ነገር የለባትም። እፍረት «ሼም» ነው፤ የለም «ለስ» ነው። «አይ አም ሼምለስ» ብላ ነጥብ አደረገች። ለልጇ አላሳየቻትም።

ሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊቱ አስቀምጧት ገጹን አንብቦ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሳል ያዘው። አጠገቡ የነበረችው የአስተዳደር ሠራተኛ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«እትዬ፣ ይህን ማን ጻፈልዎት?»

«ማንም፤ ራሴ ነኝ።»

«ሼምለስ እኮ ዓይን አውጣ ማለት ነው።»

ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ግን አልተነሣችም።

«ፊርለስስ?»

«እሱ ልክ ነው። ፍርሃት የሌላት።»

«ታዲያ ሕጉ አንድ አይደለም እንዴ?»

«አንድ ነው። ግን እፍረት የሌላት ማለት ነው እንጂ እፍረት የሌለባት ማለት አይደለም።»

እትዬ ካውያ ሁለቱን በከንፈሯ መዘነቻቸው። «ያቺ ‹ባ› በእንግሊዝኛ የት ትገባለች?»

ሥራ አስኪያጁ አሰበ። የአስተዳደር ሠራተኛዋን አያት፤ እሷም አየችው።

«መግቢያ የላትም መሰለኝ» አለ።

«እንግዲያው እስክሪብቶ ያውሱኝ። በአንድ ቃል ካልሆነ በአሥር እጽፈዋለሁ።» ቃሉን ሰረዘችና ከሥሩ፣ በደንብ የሚነበብ አድርጋ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ የተቃጠለ ሸሚዝ የለም፣ የጠፋ ልብስ የለም ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች። አንድ ቦታ ሰዋስው ተሳስታለች፤ ማንም አላረመም።

ቀጥሎ የገባው የመቀበያው ሠራተኛ ገጽ እንከን አልነበረውም። «እዚህ ላይ ኢንደስትሪየስ ነኝ ብለሃል፤ ምን ማለት ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። «ፋብሪካ ውስጥ የሠራ» አለ፤ ቀጥሎም ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ እንደማያውቅ ትዝ አለው። ትጉህ ማለት መሆኑን የነገረችው የአስተዳደር ሠራተኛዋ ናት።

ማክሰኞ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የእትዬ ካውያ ስም ወጣ። ባልደረቦቿ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አለቃ!» እያሉ ካውያቸውን ጣል ጣል አድርገው ተሰበሰቡ፤ እሷም መጀመሪያ ካውያውን ንቀሉ አለቻቸው።

ማታ ልጇ ነገሩን ሰምታ ራሷን ያዘች። «እማዬ! ምናለ ብታሳይኝ? አርሜልሽ አልነበር?»

«አርመሽው ቢሆንማ» አለች እትዬ ካውያ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ምን ብዬ እከራከር ነበር?»