ውሃ የጠጣ ቡታጋዝ

የላምባ ሽታ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል። ጭሱ አይደለም፤ ጭስማ ያደግኩበት ነው። የሚያቅለሸልሸኝ እሳቱ ሲጠፋ ከክሩ የሚነሣው ነጭ፣ ቅባት ያለው ትነት ነው። ምላስ ላይ ይቀመጣል። በዚያ ክረምት እንጀራውም፣ ብርድ ልብሱም፣ የልጄ ፀጉርም እሱን እሱን ይሸት ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። የምንኖረው ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበር። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ስለነበር እኔና ገና መራመድ ያልጀመረችው ልጄ ብቻችንን ነን። ልጅቷ ሳንባ ምች ታማ ገና ማገገሟ ነው። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ፣ "ከብርድ ጠብቂያት፤ ከጭስም ጠብቂያት" አለችኝ። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደምችል ግን አልነገረችኝም። ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል፤ እሱን አላስገባም። የቀረኝ ቡታጋዙ ነው። በእሱ ወተት አፈላለሁ፣ በእሱ ቤቱን አሞቃለሁ።

እሱ ግን ያን ሰሞን አበደ። ስለኩሰው ሰማያዊ ሆኖ ይነድዳል፤ እፎይ ስል ጣ ጣ ይላል፣ ይቀላል፣ ጭል ጭል ብሎ ይጠፋል። ትነቱ ክፍሉን ይሞላዋል። ልጄ ትስላለች። በር እከፍታለሁ፤ ብርዱ ይገባል። ዘግቼ እለኩሳለሁ። ይነድዳል፣ ይጠፋል። ወተቱ ሳይፈላ ለብ ብሎ ጥቀርሻ ያረፈበት ስልባቦት ይይዛል። በማንኪያ ባቀምሳት ፊቷን አዞረች። እኔም ቀመስኩትና ተፋሁት።

መጀመሪያ በንፋስ አሳበብኩ። የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፍኩ፤ ያው ነው። ክሮቹን በመቀስ እኩል ከረከምኩ፤ ያው ነው። የላዩን ቆርቆሮ አውልቄ በአመድ ስፈትገው ከሥሩ አሮ የደረቀ በረሮ ወጣ፤ እግሮቹ ክሩ ላይ ተጣብቀዋል። ወተቷን እላዩ ላይ ሳፈላ የከረምኩት! በስንጥር ፈንቅዬ ጣልኩት። ይኸው አገኘሁት ብዬ ለኮስኩ። ነደደ። ጠፋ።

ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘዋል። እትዬ ነው የምላቸው፤ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፣ አፋቸው ግን አያርፍም።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቡታጋዝሽ ካድሬ ሆነ እንዴ? ይንጣጣል፣ ይቀላል፣ የሚበስል ነገር ግን የለም።"

"እትዬ፣ ቀስ ይበሉ! ሰው ይሰማል።"

"ይስማ። የእኔም ፋኖስ ከሰሞኑ እንደሱ ነው የሚያደርገው።"

የእሳቸው ፋኖስም ከሆነ፣ ጥፋቱ የቡታጋዙ አይደለም። ሁለታችንም ላምባውን የቀዳነው አንድ ቀን ነው።

በቡታጋዙ ሆድ የነበረውን ላምባ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት። ደጅ አውጥቼ ብርሃን ላይ ስይዘው ለሁለት ተከፈለ፤ ከላይ ላምባ፣ ከታች የደፈረሰ ቡናማ ውሃ። ውሃው ውስጥ ትንሽ የወፍ ላባ ትዞራለች።

ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። የቀበሌው ሱቅ ላምባ ሲመጣለት ጀሪካኖቻችንን በስብሰባው አዳራሽ ግድግዳ ሥር እንደረድራለን፤ ማንም እንዳይቀድም በየእጀታቸው ገመድ ይገባና ይታሰራሉ። ክዳናቸው ይከፈታል፤ ተራዋ ደርሶ ክዳን ስትከፍት ያስጠበቀችውን፣ ላምባ ቀጂው ወደ ሰልፉ ጭራ ይመልሳታልና። ከዚያ ሁላችንም ስብሰባ እንገባለን፤ ስብሰባ ያልገባ ላምባ የለውም። የዚያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተናጋሪው አይሰማም ነበር፤ ሌላው ሲያጨበጭብ እያየን አጨበጨብን። የጣሪያው ጠፈጠፍ ግን በቀጥታ ጀሪካኖቻችን ላይ ነው የሚወርደው። ጣሪያው ላይ ደግሞ የርግብ መንጋ ውሎ ያድራል።

እትዬ ጠርሙሱን አሸተቱና ፊታቸውን አጨፈገጉ። "ኩስ ነው። ያን ሁሉ ያጨበጨብነው ለርግብ ኩስ ነው?"

ልጄ ሰሞኑን የተነፈሰችው እሱን ነው።

የላይኛውን ላምባ ቀስ ብዬ ወደ ሌላ ጠርሙስ አንቆረቆርኩ። ክሮቹን አንድ በአንድ መዝዤ ጨመቅኳቸው፤ ጣቴ መሐል ዝልግልግ አሉ። ላምባው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ እትዬ ደጅ ባቀጣጠሉት የከሰል ምድጃ ሙቀት፣ ራቅ አድርጌ አደረቅኳቸው። ቡታጋዙ ሲለኮስ ጸጥ ብሎ ነደደ። ወተቱ ፈላ። ግን የተረፈው ላምባ ጭላጭ ነው፤ ልጄም ገና ትስላለች።

በሚቀጥለው ተራ የጀሪካኔን አፍ በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፌ አሰለፍኩ። ቀጂው አየና ከሩቅ ጮኸ።

"ይሄን የደፈነው ማነው? ክፍት ይሁን አልተባለም?"

"ዝናብ ይገባበታል፣ ጓድ። ልጅ ታሞብኛል።"

"ዝናቡን እኔ አላዘነብኩት! የሚያዘንበውን ሄደሽ ጠይቂ።"

እትዬ ከኋላዬ፣ "እሱንማ የለም ብላችሁን የለም እንዴ? ማንን ትጠይቅ?" አሉ።

የተሰለፉት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። ጀሪካኔን ከገመዱ ፈትቶ ወደ ሰልፉ ጭራ ወረወረው። ላምባው ካለቀ ልጄን በምን እንደማሞቃት አላውቅም። እንደገና ዘነበ። ጀሪካኔን ከጭቃው አነሣሁ፤ ቆረቆንዳውን ግን አልነቀልኩም። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ነቀልኩት፤ ከበርሜሉ ሥር የቀረውን፣ ግማሽ የማይሞላ፣ ቀዳልኝ።

ማታ ቡታጋዙ ሳይንጣጣ ነደደ። በሩን አልከፈትኩም። ልጄ ወተቷን ጨርሳ ባዶውን ኩባያ ወደ እኔ ገፋችው። ትንፋሿን ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ፤ ሰላም ነው። ከዚያ ኩባያውን አንሥቼ አሸተትኩት። አጥቤው እንደገና አሸተትኩት።